እንዴት አዘለቻት

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ታሪኩን ወደውት ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አላመኑትም። ልብ ወለዱ በድሮ ዘመን ስለነበሩ ሁለት እህትማማቾች ነው። ጦር መጣ ሲባል አገሩ ሁሉ ይሸሻል፤ ታናሺቱም እግሯ የማይታዘዝላትን ታላቋን አዝላ ወንዝ ልትሻገር ትነሣለች።

«ውሸት ነው» አለ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ። «ከራሷ የምትበልጠውን በምን ታዝላታለች?»

«በአንቀልባ» አለው ጓደኛው። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ መልስ ቶሎ የሚመጣልኝ ሰው አይደለሁም። ዞር ብዬ ጠመኔ ስፈልግ፣ ካልጠራኋት በቀር ተናግራ የማታውቅ አንዲት ልጅ ከመስኮቱ ሥር ተነሣች። ነጠላዋን አውልቃ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ጀርባዋ ላይ አስተኛቻት። ጨርቁን በታዘለችው ልጅ አንደኛው ጭን ሥር አሳለፈች፤ ቀጥላም በሌላው። ጫፎቹን አጣምራ በራሷ ዳሌ ላይ ቋጠረችና ቀና ብላ እስከ ሰሌዳው ሄደች። ሁለቱም እጆቿ ነፃ ነበሩ።

ማንም አልሳቀም። ሕፃን እንዲህ አይታዘልም።

«ማንን አዝለሽ ለመድሽው?» አላት ያው ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ።

«እህቴን።»

እህት እንዳላት የሚያውቅ አልነበረም።

ልጆቹ ወሬውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኽምጣኛ አድርገው ወደየቤታቸው ይዘውት ገቡ። ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ እናት ርእሰ መምህሩ ቢሮ መጥተው አስጠሩኝ።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩ። «ታላቁን ወንድ ልጄን ልድር ሽማግሌ ልኬ ነበር። የሚያገባት ልጅ ወገኖች ዘራችንን እያጣሩ ሳለ ጓዳዬን ከፍተሽ አሳየሻቸው። የደበቃችሁን አለ ብለው አኩርፈዋል።»

«እናቴ፣ እኔ ያስነበብኩት መጽሐፍ ነው። እርስዎን አላውቅም ነበር።»

«መጽሐፍሽን ለእናትሽ አንብቢላት። ልጄ ከዛሬ ጀምሮ ቤቷ ትውላለች።»

እሳቸው ሲወጡ ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ሌላ ምንባብ ጠፍቶ ነው? ስለ ንብ ብታስተምሪ ማን ይጣላሻል?»

ሁለቱንም ጠላኋቸው። ለአንዱ ልጅ ጋብቻ ሲባል ሁለት ልጆች ቤት ውስጥ መዘጋታቸው ነው ያናደደኝ።

ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ልለምናቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሴትዮዋ የአጥሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ግቢ አላሉኝም።

«ትምህርቷን አይከልክሏት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«ያደረግሽው አልበቃሽም? ምን ቀረሽ?»

ከቤት ውስጥ አንድ የማላውቀው ድምፅ ተጣራ። «መምህርቷ ናት? ወንዙን ተሻገሩ ወይ በያት።»

ተማሪዬ መጽሐፉን ማታ ማታ ለእህቷ ትተርክላት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ከትምህርት ስትቀር ታሪኩም ወንዙ ዳር ቀርቷል።

«ዝም በይ» አሉ እናትዮዋ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። በሩን ዘጉብኝ።

ሰኞ ከሰልፍ በኋላ የክፍሉ በር ተገፋ። ልጅቷ እህቷን በዚያው አስተሳሰር አዝላ ገባች። እናታቸው ከኋላ ተከትለዋል።

«ሽማግሌዎቹ ጋብቻው እንደማይሆን ቁርጡን ነግረውኝ ሄዱ» አሉኝ በተማሪዎቹ ፊት። «ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። ያወጣሻት አንቺ ነሽ፤ በይ አስተምሪያት።»

«መቀመጫው እኮ...»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከመስኮቱ ሥር ያሉት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁ። ታናሺቱ ቋጠሮውን ስትፈታ ሊረዳት የደፈረ አልነበረም። ታላቂቱ ዴስኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ክፍሉን ዞራ አየች፤ ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ አሳረፈች።

እናቲቱ አልሄዱም። ውጭ ሆነው ፊታቸውን አጥቁረው በመስኮቱ ያዩኝ ነበር። ርእሰ መምህሩ የሰጡኝ የንብ ምንባብ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ገፋ አደረግኩትና ወንዙ ያለበትን ገጽ ገለጥኩ።