ድመትና ውሻ ያዘነበው ገደል

በእንግሊዝኛ ማንንም አልፈራም። ዳባት ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሳስተምር ከክፍሌ የሚሾልክ ተማሪ አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም ከሌላ ክፍል ሾልከው የሚገቡ ነበሩ። የሚስባቸው ሰዋስው እንዳይመስላችሁ። ዓርብ ዓርብ የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ለእንግሊዞች ፈሊጥ እሰጣለሁ። ፈሊጡን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ትርጉሙን እናገርና ከየት እንደመጣ አወራለሁ። ልጆቹ የሚጠብቁት ይህችን ወሬ ነው።

ለምሳሌ እንግሊዞች ምስጢር ያወጣን ሰው «ድመቷን ከጆንያው ለቀቃት» ይሉታል። ድሮ በገበያቸው የአሳማ ግልገል ነው ብሎ ድመት በጆንያ ቋጥሮ የሚሸጥ አጭበርባሪ ነበር ይባላል፤ ገዢው ጆንያውን ሲፈታ ጉዱ ይወጣል። የዳባት ልጅ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። ከላይ ምርጥ ገብስ፣ ከሥር እንክርዳድ የተሞላ ጆንያ ገበያ ላይ አይቷል። ደግሞ ከጥቅሙ ወጪው የሚበዛ ንብረት «ነጭ ዝሆን» ይባላል። በሩቅ ምሥራቅ አንድ ንጉሥ የጠላውን ሹም ለማደህየት ነጭ ዝሆን ይሸልመው ነበር አሉ። የንጉሥ ስጦታ አይሸጥም፣ ሥራ አይሠራበትም፤ ሹሙ እስኪደኸይ ሲቀልበው ይኖራል። እነዚህን ከመጽሐፍ አንብቤያቸዋለሁ።

መጽሐፌ ግን ቀጭን ነበር፤ በአንድ ሴሚስተር አለቀ። ልጆቹ ደግሞ ዓርብ በመጣ ቁጥር ዓይናቸውን አፍጥጠው ይጠብቁኛል። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ትርጓሜ ያስተምሩ ነበርና አንዱን ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ሲደረድሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እንግሊዝኛውንም በዚሁ ስልት ያዝኩት። አባቴ ግን ፍቺውን ከየትኛው መምህር እንደሰሙት ሳይናገሩ አያልፉም፤ ያልሰሙትንም ከራሳቸው አይጨምሩም። እኔ «አንድም»ን ወስጄ ይኼኛውን ተውኩት።

አንድ ዓርብ ተረኛው ፈሊጥ ስለ ኃይለኛ ዝናብ ሆነ። እንግሊዞች ዶፍ ሲወርድ «ድመትና ውሻ ዘነበ» ይላሉ። ስለ መነሻው መጽሐፌ አንዲት ቃል የለውም። በዚያው ሰሞን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ አፋፍ ላይ ቆሜ የአንድ ሰው ባርኔጣ ወደ ገደሉ ሲወድቅና ነፋሱ ከሥር ሽቅብ መልሶ ሲወረውረው አይቼ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ያስፈልገኛል! «አንድም» አልኳቸው፣ «ነጎድጓዱ እንደ ውሻ፣ ነፋሱ እንደ ድመት ስለሚጮኽ ነው። አንድም በእንግሊዝ አገር በገደል አፋፍ ላይ ያለች መንደር ነበረች። በክረምት ነፋሱ ከቆላው ድመቱንም ውሻውንም እያነሣ በደገኞቹ ጣራ ላይ ያዘንበው ነበር።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ገደል ይኑር አይኑር እኔ ምን አውቄ! ማን ሄዶ ያያል ብዬ ነው።

ከፊት ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ትጽፍ ነበር። ከበየዳ መጥታ፣ ዳባት ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ዓመታት አልፈው እሷም የእንግሊዝኛ መምህርት ሆነች፤ ደባርቅም ተመደበች። የሙከራ ጊዜዋ ሲያበቃ ሦስት ሰዎች ክፍል ገብተን ስታስተምር እንድናይ ተጠራን። አንዱ ርእሰ መምህሩ፣ አንዱ ከትምህርት መምሪያ የመጣ ባለሙያ፣ ሦስተኛው ነባር የእንግሊዝኛ መምህር ተብዬ ከዳባት የተጠራሁት እኔ። ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ ከወደቀች ጓዟን ጠቅልላ ወደ በየዳ ነው።

የኋላ ወንበር ላይ የግምገማ ቅጼን ይዤ ተቀመጥኩ። የዕለቱ ትምህርት ስለ አየር ጠባይ ነበር። መጨረሻ ላይ ያቺን ፈሊጥ ጻፈችና «ከመምህሬ እንደሰማሁት» ብላ ጀመረች። ነጎድጓዱን፣ ገደሉን፣ መንደሯን፣ ሁሉንም አንድ ሳይቀር አወራችው፤ ነፋሱን በእጇ እያሳየች ከእኔ አሳምራ አወራችው። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው።

ቢሮ ስንገባ ባለሙያው ስልኩ ላይ ሲያነብ ቆየ።

«አቀራረብሽ ግሩም ነው» አላት። «የዚህ አባባል መነሻ ግን በእርግጥ አይታወቅም፤ ሊቃውንቱም በግምት ነው የሚናገሩት። የገደሉን ታሪክ ከየት አመጣሽው?»

«ከመምህሬ ነው።»

«የትኛው መምህር?»

ወደ እኔ አልዞረችም፤ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ምንጩን ካልነገርሽኝ ፈጥራ አስተማረች ብዬ መጻፌ ነው። እንዲህ ተጽፎ ደግሞ ማለፍ የለም» አላት።

ልጅቷ እንጀራዋን አስይዛ ስሜን ትሸፍናለች። እኔ ደግሞ፣ ያ ማንንም የማልፈራው ሰውዬ፣ የቅጹን ጠርዝ አጥፌ እዘረጋለሁ። አፌን እስክከፍት የወሰደብኝ ጊዜ አጭር ነበር፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

«መምህሯ እኔ ነኝ» አልኩ። «ታሪኩንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሷ የሰማችውን ነው የተናገረችው፣ ከሰው እንደሰማችውም ተናግራለች።»

ርእሰ መምህሩ ሳቅ አመለጠው። ባለሙያው ቀና ብሎ አየኝና ቅጹን ሞላ። አለፈች።

ደስ ብሏት ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። ከቢሮው ስንወጣ ከቦርሳዋ የአሥረኛ ክፍል ደብተሯን አወጣች፤ ጠርዙ አልቋል።

«መምህር፣ የትኞቹ ናቸው የእርስዎ?»

ከመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ገጽ በገጽ እየገለጠች እኔ «ይኼ ከመጽሐፍ ነው፣ ይኼ የእኔ ነው» እላለሁ፤ የእኔ የሆነውን በእርሳስ ታከብበታለች። ክቡ ከግማሽ አለፈ። «ጥይት ነከሰ» የሚለው ላይ ደረስን፤ ጭንቁን ጥርሱን ነክሶ ቻለው ማለት ነው። ድሮ የቆሰለ ወታደር ያለ ማደንዘዣ ሲቀደድ ጥይት ይነክስ ነበር ብዬ አስጽፌያታለሁ። አንብቤው ይሁን ፈጥሬው ግን ጨርሶ ጠፋኝ።

«እውነት ነው» ብላት ታምነኛለች። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለዕረፍት ወደ በየዳ ስመለስ፣ መኪናው ካቆመበት ዳገቱን በእግሬ ስወጣ፣ ይቺን እያሰብኩ ነበር የምበረታው» አለችኝ። አዘንኩ፤ በራሴም ተናደድኩ። እርሳሷን ያዝ ለቀቅ አድርጋ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት።

«ፈጠራ መሆኑን ለልጆቹ ብቻዬን ብነግራቸው አያምኑኝም፤ ገደሉን ወደውታል» አለች። «ሰኞ ይምጡና እርስዎ ይንገሯቸው።»

ሰኞ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደባርቅ ደረስኩ። ስገባ ስድሳ የሚሆኑ ልጆች ብድግ አሉ። ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ እንዴት እንደምጀምር ሳሰላስል እሷ ቀደመችኝ።

«መምህሬ ናቸው» አለቻቸው። «የሚነግሯችሁን ጻፉ።»

ልጆቹ ተቀምጠው ደብተራቸውን ገለጡ።