በወንዶቹ በኩል

በርሜል ሲቀጠቀጥ የሰማ ሰው ጆሮውን ይይዛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ እግሬ ይንቀሳቀሳል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያደገ ልጅ ይገባዋል፤ ያኔ ሙዚቃችን እሱ ነበር።

ቤታችን ከአባዬ መሥሪያ ቦታ ጀርባ ነበር። አባዬ አሮጌ በርሜል እየገዛ ያስቀድድና ያስቀጠቅጥ፣ ዝርጉን ብረት ምድጃና በር ለሚሠሩ ሰዎች ይሸጥ ነበር። የሚቀጠቅጠው ታላቅ ወንድሜ ታምራት ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሰፈሩ ልጆች በበርሜሎቹ መሃል ክብ እንሠራና ራፕ እንገጥማለን። ዝገትና የተቃጠለ ዘይት የሚሸት አቧራ ጉሮሯችንን ይከረክረዋል። ምቱን የሚሰጠን ታምራት ነበር። ሥራውን ሳያቆም መዶሻውን አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ላላ ያደርግልናል። አባዬ ብቅ ሲል ወደ ተራው ቅጥቀጣ ይመለሳል፤ ዞር ሲል ይጠቅሰንና ይቀጥላል።

የክቡ ሕግ አጭር ነው። እየተሰደበ ፊቱን ያልለወጠ ያሸንፋል፤ እንባ የታየበት ይወጣል። ንጉሣችን ጃፋር ነበር። የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ሲፈታ ያገኛት ቲሸርት ጉልበቱ ላይ ትደርሳለች። አንድ ቀን ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ቀስሮ እንዲህ አለኝ፦

ቀሚስ ልበስ አንተ፣ ሱሪው ሰፍቶሃል፣
እማዬ በል ግባ፣ ጡጦ ቀርቦልሃል።

የሁላችንም ሱሪ ሁለት ሰው ይይዝ ነበር። ያንን ማንም አላየም። «ኧረ ገደለው!» እያሉ ዘለሉ። ሴት ከመባል የከፋ ነገር አናውቅም ነበር፤ ማታ ራት የምታበላን ማን እንደሆነች ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። መዶሻውን ያስቀመጠው ታምራት ብቻ ነው። «አይዞህ ባክህ» አለኝ፣ «ከሱ ጩኸት ያንተ ቃል ይበልጣል።» ቃል አለህ ብሎኝ የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል አውቶቡስ ተራ በኩል በርሜል የጫነ መኪና ሲራገፍ ገመዱ ተፈታና ክምሩ ታምራት ላይ ወረደ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ሴቶቹ በአንድ በኩል ምንጣፍ ላይ፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል አግዳሚ ወንበር ላይ። እኔን ከአባዬ ጎን አስቀመጡኝ። በሴቶቹ በኩል ጎረቤታችን እትዬ ብርነሽ ሙሾ ታወርዳለች። ቀን ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ናት፤ ለቅሶ ላይ ግን ድምፅዋ ሌላ ነው። አንድ ስንኝ ትልና ትቆማለች፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል፣ ትቀጥላለች። ዙሪያዋን ከበዋት ነበር። ቤት ይመታል፣ ምት አለው፣ ተቀባይ አለው። የኛው ክብ እኮ ነው አልኩ በልቤ። እዚህ ግን ያለቀሰ አይባረርም።

በወንዶቹ በኩል ሳል ብቻ ነበር። አባዬ ጋቢውን እንደተከናነበ ሸራውን ያያል። ደረቴ ውስጥ የታምራት መዶሻ ይመታል። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፦

በርሜሉን ቀጥቅጠህ ስታቃናው ውለህ፣
ምነው ወገብህን ማቃናት አቃተህ?

«ምን ነካው ይሄ ልጅ?» አለ አንዱ። አባዬ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ ጎተተኝ።

«ሴት ነህ እንዴ አንተ? በሰው ፊት ታዋርደኛለህ? ወንድምህ ወንድ ነበር። ዋጠው!»

ሲናገር ፊቱን ከኔ አዞረ። ያኔ በቁጣ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ብርነሽ ከማጀት በር ላይ ጠራችኝ።

«ና እስቲ። ትናንት ያልካትን ድገምልኝ።»

«ለምን?»

«ለምን ይለኛል እንዴ! በል ቶሎ፣ ሰው ሳይመጣ።»

በሹክሹክታ ደገምኩላት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ያዘችው። ከዚያ በሽንኩርት እጇ ጉንጬን ነካ አደረገችና «ያንተን አፍ ቢዘጉት የኔን አልዘጉትም» አለችኝ።

በሰልስቱ የኔን ስንኝ አወረደችው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ሴቶቹ ጮኹ። ቀጥሎ በወንዶቹ በኩል አንዱ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁ፣ ሌላውም ቀጠለ። አባዬ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። ሰዉ ሲበተን ወደ እሷ ሄዶ «እግዜር ይስጥሽ ብርነሽ፤ አንጀቴን አራስሽው» አላት። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ቃሉ የኔ መሆኑ ትዝም አላለው። ፊቴ አልተለወጠም። በክቡ ሕግ ከሄድን አሸንፌያለሁ።

ወደ ክቡ ስመለስ ታምራት ቦታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ መዶሻው እንደ በረዶ ያለ ምት ይወርዳል። «ዛሬ ለታምራት ነው» አልኳቸው። ሁለተኛው ቃል ላይ እንባዬ ወረደ። «አለቀሰ! አለቀሰ!» ብሎ የጮኸው ጃፋር ነው፤ ታምራት ምሳውን ቆርሶ ያበላው የነበረው ጃፋር። ሲጮህ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ክቡን ከፈት አደረጉና ወደ ውጭ አሳለፉኝ።

አሁን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሚኒባስ ስሳፈር ረዳቱ ራፕ ይከፍታል። ዘንድሮ እንባ ይሸጣል። ራፐሩ በአዝማቹ ለእናቱ ያለቅሳል፤ አዝማቹ ሲያልቅ የሌላ እናት ልጅ የሆነችውን ሴት እንደ ቦንዳ ዕቃ ዋጋ ያወጣላታል። ተሳፋሪው ወንድ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ግጥም ማንበቢያ መድረክ ላይ እቆማለሁ፣ ይጨበጨብልኛል። ስለ ታምራት ግን አንብቤ አላውቅም።

እትዬ ብርነሽ ባለፈው ዓመት አረፈች። ለስንቱ ያወረደችው ሴት፣ ለእሷ የሚያወርድላት ጠፋ። ሴቶቹ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በጸጥታ እንባቸውን ያፈስሳሉ። እኔና አባዬ እንደ ድሮው በወንዶቹ በኩል ተቀምጠናል። አባዬ አርጅቷል፤ ጆሮውን የስንት ዘመን መዶሻ በልቶታል፤ ሹክ ያለ እየመሰለው ይጮሃል። ወደኔ ዘንበል አለ።

«ለታምራት ያለችውን ታስታውሳለህ?»

መልሴን አልጠበቀም። በርሜሉን ቀጥቅጠህ ብሎ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳይስት ተወጣው። ድንኳኑ ሙሉ ዞሮ አየው። እሱ አላወቀም። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና፣

«ብርነሽ እንዲህ ያለውን ቃል ከየት ታመጣው ነበር?» አለኝ።

«እንጃ፣ አባዬ» አልኩት።

ፊቴ አልተለወጠም። ወንድ አድርጎ አሳድጎኛል።