በር ላይ ያለቀው ቆጮ

ወሬው የደረሰኝ በአክስቴ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ነው። አክስቴ ከሆሳዕና ገበያ እንደተመለሰች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "አንቺ ልጅ፣ ተነሺ! አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ሣር የማይበሉ ፈረሶች ልናይ ነው!" አለችኝ። ጎመኑን የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ለጉብኝት ሲሄድ፣ አክስቴ እኔን እንድታስከትል ተፈቀደላት። የጉብኝቱ መጨረሻ አንድ የልጆች መጫወቻ ግቢ ነው፤ የእንጨት ፈረሶች በሙዚቃ ይዞሩበታል አሉ። ሀዲያ ውስጥ ላደገ ሰው ፈረስ ምን እንደሆነ አላስረዳም። እኔ ግን ሴት ነሽ ተብዬ ለአጎቴ ፈረስ ሣር ከማቅረብ በቀር ጀርባው ላይ ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከመንግሥተ ሰማይ ደጅ ይልቅ ያን የፈረስ ደጅ እግዜር እንዲከፍትልኝ ነበር የምለምነው። ይቅር ይበለኝ።

ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ጠበቀን። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ "ሹፌሩ ክላክስ ሲያሰማ ሁሉም ወደ አውቶቡስ! ያልደረሰው አልደረሰውም!" ብላ አስጠነቀቀች። ይህን ስሰማ ከፊታችን ያለውን ሰው መቁጠር ጀመርኩ። ይባስ ብሎ ሰልፉን የሚቃኘው ዘበኛ ከአክስቴ ዘንቢል አጠገብ ቆመ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ አይብና ንጥር ቅቤ ይዛለች።

"እናቴ፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

"የት ላድርገው ታዲያ?"

"ይጣሉት እንግዲህ።"

"የእግዜርን ስጦታ?" አማተበች። "ልጄ፣ ሆድ ውስጥ ያለውስ ይከለከላል?"

ዘበኛው ሳቀ። "እሱን ይዘው ይግቡ።"

"በል ተቀመጥ!" አለችው አክስቴ።

ከሰልፉ ወጥታ ሣሩ ላይ ዘርፈጥ አለች። "ሰልፉ!" አልኳት ነጠላዋን እየጎተትኩ። "ሰልፍ የት ይሄዳል? ባርኪና ብዪ።"

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ቆሞ እያየ ብቻን አይበላም። የከለከለ ይቅደም ብላ ዘበኛውን አጎረሰችው። ከዚያ ወደ ሰልፈኞቹ ዞረች። ፀጉሯን የተሠራች አንዲት የከተማ ሴት፣ "ኤጭ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች።

"ቅቤ ነው እመቤት። ቅመሺና ከዚያ ስደቢኝ።"

ቀመሰች። አልሰደበችም፤ ልጆቿን ጠራች። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ጾም ነው የሚል አልተገኘም። የማኅበራችን ሴቶችም ይህን አይተው የየራሳቸውን ዘንቢል ፈቱ። እኔ ኮባ እየዘረጋሁ፣ እያለቀስኩ እየሳቅሁ ሳድል፣ ቀና ብል ሰልፉ የለም! ሰልፈኛው ሁሉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይጎርሳል። አክስቴ እጇን በኮባው ጠርጋ ተነሣችና፣ "አሁን ግቢ" አለችኝ። ዘበኛው አፉ ሞልቶ መናገር ስላቃተው በእጁ አሳለፈን።

ፊተኛው ፈረስ ላይ ወጣሁ። አክስቴ ከኋላዬ ያለውን ፈረስ አንገቱን መታ መታ አድርጋ፣ "ይሄን ኮርቻ ማነው የጫነው? ወደ አንገቱ ሸሽቷል" ብላ ፈረሶቹን የሚያዞረውን ሰው ተቆጣችው፤ ከዚያ መቁጠሪያዋን ጨብጣ ፈረሱ ላይ ወጣች። ሙዚቃው ጀመረ። ሰማዩ ዞረ፣ ዛፉ ዞረ፣ ቆጮውም ከነቅቤው ሆዴ ውስጥ ዞረ። ከውጭ ክላክስ ይጮኻል፤ ይጩኽ! ያኔ ነው ያ ድምፅ የተሰማው፤ ጉግስ ላይ ያለ ፈረሰኛ የሚያወጣው ዓይነት ረጅም ፉከራ። ሙዚቃው ራሱ የደነገጠ መሰለኝ።

አሁን ከምኖርበት ሩቅ አገር ስደውልላት አክስቴ፣ "እኔ በለሆሳስ ጸሎት ላይ ነበርኩ። የጮኽሽው አንቺ ነሽ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ በሁለት እጄ የፈረሱን አንገት አንቄ ወደ ኋላ አልዞርኩም፤ ስላላየሁት ነገር አልምልም። ስለዚህ በዚያ በር ላይ ቆጯችንን የበላችሁ ሁሉ፣ በጎረሳችሁት ይዣችኋለሁ፦ ማን ነበረች የጮኸችው? አክስቴ አርጅታለችና፣ በሕይወት ሳለች ንገሩኝ።