ሽቦ የታሰረበት ቀይ ሻንጣ

ልብስ ሰፊዋ የታላቅ ወንድሟን የመጀመሪያ የካንትሪ ሙዚቃ አልበም የሰማችው የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ግጥምና ዜማውን መንገድ ላይ እየደረሰ፣ በጊታሩ አሥር ዓመት ለፍቶበታል። ሦስቱን ዘፈኖች በኩራት ሰማች። አራተኛው ላይ እግሯ ቀጥ አለ። ዘፈኑ በማለዳ ቀይ ሻንጣ ይዞ አውቶብስ ስለተሳፈረ አባት ነበር። የእነሱ አባት ግን፣ እናታቸው እንደነገረቻት፣ እሷ ሕፃን ሳለች ሆስፒታል ነው የሞተው።

«ፈጠራ ይሆናላ» አለች ለራሷ። ግን የሻንጣው እጀታ በሽቦ ታስሯል ይላል። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከየት ያመጣዋል? ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ።

በማግስቱ ወንድሟ መኪናውን የሚያሠራበት ጋራዥ ሄዳ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ያ ሻንጣ የማን ነው?»

ፊቱ ልውጥ አለ። «ዘፈን እኮ ነው!»

«እማዬ ትሙት በለኝ!»

አላላትም። ጎማ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «እስከ መናኸሪያ የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። እማዬ ‹ለእህትህ ትንፍሽ እንዳትል› አለችኝ። መናገር ሲያቅተኝ ዘፈንኩት።»

«በሕይወት አለ?»

«እኔ እንጃ።»

እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ክንዱን ይዛ አስነሳችው፤ ተያይዘውም ወደ እናታቸው ቤት ሄዱ።