ሁለት ጊዜ የሰጠሁት ደም

የዘመቻው ትእዛዝ የደረሰን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ ጦር ሰፈራችን ውስጥ ተሰልፈን ሳለን ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። በሳምንቱ ወደ ኦጋዴን ጠረፍ እንነሳለን ተባለ። ደስታችን ወሰን አጣ፤ ወጣቶች ነበርን፣ ጥይት ገና በጆሯችን ሥር አላፏጨም። ሻምበሉ ግን አንድ ቃል ጨመረ፦ «ደሙ ያልታየ አይዘምትም።»

ምርመራው የቂጥኝ ነበር። ሞት አልፈራም ሲል የከረመው ሁሉ ፊቱ ተለዋወጠ። ደሙ ተበላሽቷል የተባለ ለመርፌ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጓዶቹ ሲዘምቱ የቀረ ወታደር ደግሞ መሳቂያ ነው።

ደግፌ አንድ ሳህን የምንበላ ጓደኛዬ ነበር። ሚስቱ ሙሉነሽ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም ሞተው ነው የተወለዱት። ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ደግፌ የራሱን ደም ፈርቶ «አንተ ንጹሕ ነህ፤ በስሜ ስጥልኝ» አለኝ። እኔም ስለ ራሴ ቅንጣት አልጠረጠርኩም፤ ልበ ሙሉ ሞኝ ነበርኩ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን ክሊኒኩ በር ላይ ተሰለፍን። ጠዋት በራሴ ስም ግራ ክንዴን፣ ከሰዓት በኋላ በደግፌ ስም ቀኝ ክንዴን ዘረጋሁ። ከወረፋው ብዛት ፊቴን ልብ ያለ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ደማቸው የተበላሸው ሰዎች ስም ተነበበ። ስሜን ስሰማ ጆሮዬን አላመንኩም። ቀጥሎ የደግፌ ተጠራ። ሳቁ አመለጠው። «ያንተ ደም ለሁለታችንም ተረፈ» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ አፈርኩ እንጂ አልሳቅኩም።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊው፣ አብዲ የሚባል ሶማሌ፣ የድሬ ልጅ ነበር። የተጠራነውን ለብቻ ሰብስቦ፣ «ዋርያ፣ ስሙኝ» አለ። «ፔኒሲሊን አለ፣ ትድናላችሁ ወላሂ። ግን ሚስት ያለው ሚስቱን ያምጣ። ይሄ ነገር ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ይገድላል።»

የደግፌ ሳቅ ጠፋ። ሻምበሉ በሩ ላይ ቆሞ እያየው ደግፌ እጅጌውን ሰበሰበ። «ጌታዬ፣ የኔ ደም አልታየም። በስሜ የሰጠው ጓደኛዬ ነው። አሁን ይወሰድልኝ።»

ሻምበሉ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አብዲ ቀደመው። «ሚስትህ ስንት ወልዳለች?»

«ሁለት። አልተረፉም።»

«ሦስተኛውን አንሰጥም» አለ አብዲ።

የደግፌም ደም እንደ እኔው ሆኖ ተገኘ። ሦስታችንም ለመርፌ ስንሰለፍ ሙሉነሽ ከፊታችን ቆመች። «እኔ እኮ እግዜር ቀጣኝ ብዬ ነበር፤ መድኃኒት ነበረው እንዴ?» አለችና አለቀሰች። ደግፌ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

መርፌያችንን ጨርሰን፣ ቅጣታችንንም ተቀብለን፣ ቀድሞን በሄደው ጦር ላይ በካሚዮን ደረስን። ውጊያው ጎህ ሲቀድ ተጀመረ። ሮጥን። ተኛን። እንደገና ሮጥን። አራት ሰዓት ላይ ኮረብታው በእጃችን ገባ። ከመቶአችን ሦስት ሰው ወደቀ። እዚያው ቀበርናቸው።

ከሦስት ወር በኋላ ምሽግ ውስጥ ሳለን ከድሬ ደብዳቤ መጣ። ሴት ልጅ ተወልዳለች፣ ጤነኛ ናት፣ ጩኸቷ ጎረቤት አላስተኛም ይላል። ደግፌ ያለ ትእዛዝ ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጠላት መጣ ብለን ሁላችንም ቦታ ያዝን። ነገሩን ስንሰማ ምሽጉ በጭፈራ ተናወጠ፤ ያን ቀን የጨፈርኩትን ያህል በሠርጌም አልጨፈርኩም። ደግፌ ለሦስቱ ጥይት ሌላ ቅጣት ተቀበለ፤ እየሳቀ።

ዛሬ ልጆች ከመቶአችሁ ስንት ሰው ሞተ ብለው ይጠይቁኛል። ሦስት እላቸዋለሁ። ደግፌ አጠገቤ ካለ «አምስት» ብሎ ያርመኛል። ሁለቱን ስም ሳይወጣላቸው የቀበራቸው እሱ ነውና አልከራከረውም። ደሜ እኔ እንደኮራሁበት ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ደግፌ ስሙ ሳይጠራ ይዘምት ነበር፤ ዛሬም ስድስት እንል ነበር።