ሠላሳ አንድ ምልክት፣ አሥራ ሁለት ወንበር

አቶ ወልደአረጋይ ከሰላ ድንጋይ መጥተው የትምህርት ቤቱን በር መጠበቅ ሲጀምሩ ከአጥሩ ማዶ የገብስ ማሳ ነበር። ዛሬ ማሳው የለም። ባለ አራት ፎቅ ቤቶች በሰልፍ ቆመውበታል፤ ከእነሱ ጀርባ ፋብሪካዎች፣ ከፋብሪካዎቹም ጀርባ ገና ቀለም ያልነካው ሌላ ሰፈር። ትምህርት ቤቱ ግን ያው ስምንት ክፍል ነው። በከተማው ፕላን ለሁለተኛ ትምህርት ቤት የተተወ ቦታ አለ ይባላል። ቦታውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የግንባታ ብረትና አሸዋ ተቆልሎበታል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ አንደኛ ክፍል ሊሞላ አሥራ ሁለት ወንበር ብቻ ቀረው። የሚጠብቁት ልጆች ሠላሳ አንድ ነበሩ። ከእነሱ አንዷ የአቶ ወልደአረጋይ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ማኅደረማርያም ናት። ወንበር ያላገኘ ልጅ የሚማረው ከደሴ መንገድ ማዶ ነው። በዚያ መንገድ ተሳቢ መኪኖች ጠዋት ማታ ይከንፋሉ፤ መሻገሪያ አልተሠራለትም።

ዕጣው የወላጆቹ ሐሳብ ነበር። አምና «ቀድሞ የመጣ ይመዝገብ» ተብሎ ሰው ዝናብ ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ፣ ስልክ የሚደውልለት ዘመድ ያለው ቀድሞ ተገኘ። ስለዚህ ዘንድሮ «በአገር ቤት ወግ ይሁን» አሉ። ወጉ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ምልክት፣ ጠጠርም ይሁን ቆርኪ ወይም ስባሪ እንጨት፣ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል። ያን ጊዜ ዕጣ አውጪው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ የማን ምልክት ምን እንደሆነ አያውቅም።

«ማን ያውጣ?» ሲባል ዳይሬክተሯ ሥርጉት ወደ በሩ አየች። አቶ ወልደአረጋይ በአገራቸው የመስኖ ተራ ሲደለደል ዕጣ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ።

«የልጅ ልጄ አለችበት» አሉ።

«ምልክቷን ካላወቁት ምን አለበት?» አለች ሀፊዛ፣ ከአልዩ አምባ መጥታ በር ላይ ቅመም የምትሸጥ፣ እሷም ለታናሹ ልጇ ወንበር የምትጠብቅ ሴት። «ደግሞ እርስዎ እኮ፣ አባባ፣ ትልቁን ልጄን ኢክራማዬን ሁለት ደቂቃ አረፈደ ብለው ከበር የመለሱ ሰው ነዎት። ከዚህ የባሰ ቀጥ ያለ ከየት ይመጣል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር። «ይሄ የማን ነው?» ይላሉ፤ አንዷ እልል ትላለች፣ አንዱ ዝም ብሎ ጣቱን ያነሣል። አሥር ምልክት ወጣ። ለአሥራ አንደኛው እጃቸውን ሲሰዱ ቀዝቃዛና ክብ ነገር ነካቸው። ጠርዙ ሸረፍ ያለ ነው።

ጣታቸው ቆመ። ይህን ነገር በየጠዋቱ ሲቆልፉት ስንት ክረምት አልፏል። በግራ እጃቸው ደረታቸውን ዳበሱ። የካፖርታቸው ቁልፍ በነበረበት ቦታ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። ዐይናቸውን ገልጠው ቀና ሲሉ ልጃቸው ለተጊዮርጊስ፣ የማኅደረማርያም እናት፣ የፋብሪካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ከሰው መሀል ቆማ ዐይን ዐይናቸውን ታያለች። እሷ ናት የቆረጠችው።

ማንም አያውቅም። ማውጣት ብቻ ነው። እርጥቡ አስፋልት ትዝ አላቸው፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ የልጅቱ አጭር እግር። ቁልፉን ባርኔጣው ውስጥ በጣታቸው አዞሩት።

«አባባ፣ ተኙ እንዴ?» አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

እጃቸውን ባዶውን አወጡ። «ከዚህ በኋላ እኔ አላወጣም። ጣቴ አንዱን ምልክት አወቀው።»

«የቱን?»

«እሱን ከተናገርኩማ ዕጣው ፈረሰ።»

«እስካሁን የወጣውስ?» ብሎ ተቆጣ ቴዎፍሎስ፣ ልጁ ገና ያልወጣለት የባጃጅ ሹፌር።

«አሁን ነው ያወቅሁት፤ ማርያምን!»

ሀፊዛ የተንጠለጠለውን ክር አየች። ከክሩ ወደ ለተጊዮርጊስ፣ ተመልሳም ወደ ሽማግሌው። «ተዉአቸው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዝም ማለት ሲችሉ ነው የተናገሩት።»

የቀሩትን ሁለቱን ሥርጉት አወጣች። መጀመሪያ ባቄላ፣ ቀጥሎ አንዲት ቅርንፉድ። ሀፊዛ አፏን በእጇ ያዘች፤ ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጠፋት።

አባትና ልጅ ወደ ቤት ሄዱ። ደጃፉ ላይ ለተጊዮርጊስ ዞረች። «አባዬ፣ ጣትህ እሷን አላወቃትም?»

«አወቃት እንጂ።»

በዚያው ሳምንት ሠላሳ አንዱም ወላጆች፣ ዕጣ የወጣላቸውም ያልወጣላቸውም፣ ለሁለተኛው ትምህርት ቤት ቦታና ለመሻገሪያው ማመልከቻ ፈረሙ። «ይታያል» ተባሉ። አቶ ወልደአረጋይም ጠዋት ጠዋት ነጻ እንዲሆኑ የጥበቃ ተራቸውን አስቀየሩ።

መስከረም ላይ፣ ጉም መሬቱን ሳይለቅ፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ማኅደረማርያም ቀኝ እጃቸውን ይዛለች። ሌሎች አራት ልጆች ካፖርታቸውን ጨብጠዋል፤ አንደኛው የቴዎፍሎስ ልጅ ነው። ጉሙ ውስጥ መብራት አይታይም፤ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ከየት በኩል እንደሆነ አይለይም።

«አሁን እንሻገር?» አለች።

«ገና።»

አንድ ተሳቢ ጭቃ ረጭቶባቸው አለፈ። ልጆቹ ተጠጉ። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ፣ ደግመውም አዳመጡ።

«አሁንስ፣ አባባ?»

«እጅ ለእጅ ተያያዙ» አሉና እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አሳረፉ።