ጉበቴን ያዳነ ቂም

አምና ዓይኔ ቢጫ የሆነ ሰሞን መንደርተኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። «የወፍ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ያለው ከባልሽ እህት ዘንድ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ከራቤል ድረስ በቅሎ ጭኖ የሚመጣላቸው ሴት ናቸው።

እኔ ግን ከእሳቸው እጅ ከምጠጣ ቢጫ ሆኜ ብቀበር ይሻለኛል አልሁ። ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ስሜን ጠርተውት አያውቁም፤ «ባዳዋ» ነበር የሚሉኝ። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳ፣ ለቅሶ ላይ፣ «ባዳዋ ወደዚያ ትቀመጥ» ብለዋል። ለማንም አልተናገርሁም፤ ግን አልረሳሁም።

ስለዚህ በእልህ ሞላሌ ሐኪም ቤት ሄጄ ታከምሁ። እዚያ ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ አስረዳችኝ።

«አክስቴ፣ የጉበት ሴል ሲጎዳ ዝም ብሎ አይሞትም። ኬሚካል ይለቃል፤ ያ ለጎረቤቶቹ መልእክት ነው። በልኩ ሲሆን ሰምተው የተጎዳውን ይጠግናሉ፣ የሞተውን ይተካሉ። ሲበዛና ሲቆይ ግን ለርዳታ የመጡት ራሳቸው ያቃጥሉታል፤ መጨረሻው ጠባሳ ነው።»

«የእኛን ሰፈር ነው የምትነግሪኝ» አልኋት።

«ይቀልዱ! ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ቢጠጡ ኖሮ የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት ነበር። ባለመጠጣትዎ ብልህ ነዎት።»

ብልህ! መንደሩ ስለ አርቆ አሳቢነቴ ሲያወራ አንገቴን ደፍቼ አዳመጥሁ። ቂሜን ማን ያመስግነው?

ዘንድሮ ደግሞ የእሳቸው ዓይን ቢጫ ሆነ። በገዛ መድኃኒታቸው ሊድኑ ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ለእህቴ ልጅ ስደውልላት ድምጿ ተለወጠ። «በዚህ ዕድሜ ያንን ከጠጡ ላይተርፉ ይችላሉ» አለች።

ደንቡን አውቃለሁ፤ መድኃኒት የሚጠጣ ሰው ፀሐይ አያይም፣ ባዳም አይገባበትም። ባዳ ከገባ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ አይጠጣም።

ደጃቸው ላይ ቆሜ አሰብሁ። ትቼ መሄድ እችል ነበር። ለቅሷቸው ላይ የት እንደምቀመጥ ሳይቀር አስቤያለሁ። ከዚያ በሩን ገፋሁት።

በርኖስ ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ኩባያው አጠገባቸው ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ባዳዋ።»

ኩባያውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው፣ «ምን ባዳ አለ?» አሉ። «የወንድሜ ሚስት አይደለሽ? ቤተሰብ ነሽ። ነይ ተቀመጪ።» እጃቸው ወደ ኩባያው ሄደ።

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አሁን ብቀበለው ይጠጡታል።

«የለም፣ እትዬ። ባዳ ነኝ። እርስዎ ራስዎ በአገር ፊት የመሰከሩት ነው። መድኃኒቱ ረክሷል።»

«አንቺ መርዝ!»

«እሱስ ኩባያው ውስጥ ነው።»

እየተራገሙ አመዱ ላይ ደፉት። ሌላ መድኃኒት ስላልቀራቸው ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ብላቸው ተነሡ። ሞላሌ እስክንደርስ ለተሳፋሪው ሁሉ፣ «ይቺ ባዳ መድኃኒቴን አረከሰችብኝ» እያሉ ከሰሱኝ፤ ተሳፋሪውም በክፉ ዓይን አየኝ። ሐኪሙ መርምሮ፣ «በጊዜ መጥተዋል፤ ጉበትዎ ያገግማል» ሲላቸው ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። እኔ ሞኟ፣ ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ምስጋና እጠብቃለሁ።

«ውኃ አምጪልኝ» አሉኝ።

አመጣሁ።